አባዬ፣ መድኃኒቱን ያልላክሁልህ ለዚህ ነው

አባዬ፣ እንደምን አለህ? ቀኝ እጅህስ? እሁድ በስልክ «ያንን ለአይጦቹ የምትሰጡትን መድኃኒት ለእኔ ለምን አትልኪልኝም?» ስትለኝ ሳቅሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን እየቀለድክ እንዳልነበረ ገባኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ።

እዚህ ላብራቶሪ ውስጥ የስትሮክ መድኃኒት ስንሞክር የምንሠራው እንዲህ ነው። አይጡን አደንዝዘን አንገቱ ላይ ባለው ደም ቅዳ ቀጭን የናይለን ክር እስከ አንጎሉ እናስገባለን። ደሙ ይዘጋል። አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቆይተን ክሩን ስበን እናወጣና መድኃኒቱን ሰጥተን በማግስቱ አረማመዱን እናያለን፤ በመጨረሻም የሞተው የአንጎል ክፍል ምን ያህል እንደሆነ እንለካለን። አንተንም ያገኘህ ይኸው ነው። ያንተን የዘጋው ግን የረጋ ደም ነበር፣ ስቦ የሚያወጣልህም አልነበረም።

የሒሳብ ሰው ነህና በቁጥር ልንገርህ። በፈረንጆቹ 2006 አውስትራሊያ ያሉ ተመራማሪዎች ለስትሮክ የተሞከረውን ሁሉ ሲቆጥሩ 1,026 ሕክምና አገኙ። ሰው ላይ የደረሱት 114 ብቻ። በዚያው ዓመት ኤንኤክስዋይ-059 የሚባል መድኃኒት ሰው ላይ ሠራ ተብሎ ተጨበጨበለት፤ በዓመቱ ከ3,000 በላይ ሕመምተኞች ላይ ሲደገም ግን ምንም!

ለምን መሰለህ? አይጡ ወጣት ነው፣ ጤነኛ ነው፣ መድኃኒቱንም ቶሎ ያገኛል። አንተ 70 አልፎሃል፣ ግፊትም ስኳርም አለብህ። ሌላው ደግሞ (እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው) በብዙዎቹ ጥናቶች ለኪው የትኛው አይጥ ምን እንደወሰደ እንዳያውቅ መደረጉ አልተገለጸም፤ መድኃኒቱን የሰጠው ሰው ራሱ ውጤቱን ሊለካ ይችል ነበር። ገንዘብ ያዡና ኦዲተሩ አንድ ሰው ሲሆኑ አስበው። አንተ እንዲህ ያለ መዝገብ ላይ ትፈርም ነበር?

አሁን ትንሽ ተሽሏል። አሜሪካ ውስጥ ስድስት ላብራቶሪዎች ተባብረው፣ ያረጁ፣ የወፈሩና ግፊት ያለባቸው ጭምር አይጦች ላይ ስድስት ሕክምናዎችን ፈተኑ፤ ለኪው የትኛው አይጥ ምን እንደወሰደ ሳያውቅ። ውጤቱ በ2023 ሲወጣ ያለፈው አንድ ብቻ ነበር፤ ዩሪክ አሲድ። አዎ፣ ያው ሪህህን የሚቀሰቅስብህ! የእንስሳ ውጤት ነውና በዚህ አሳበህ ክትፎ እንዳትጀምር። የእኛ መድኃኒት ደግሞ እንዲህ ያለውን ፈተና ገና አላየውም። እሱን ለአንተ ልልክ?

ሰው ላይ የሠራው የረጋ ደም የሚያሟሟው ነው። በ1995 በ624 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ የተሰጣቸው ሰዎች ከሦስት ወር በኋላ የተሻለ አገግመው ተገኙ። ጣጣም አለው፤ ከ100 ሰው ስድስቱ ያህል አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሷቸዋል። በ2008 ጊዜው ወደ አራት ሰዓት ተኩል ተራዘመ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ትልቁ የደም ቧንቧ ሲዘጋ በብሽሽት ቀጭን ቱቦ አስገብተው የረጋውን ደም ስበው ማውጣት ለብዙዎች እንደሚጠቅም ተረጋግጧል። እኔ አይጦቹ ላይ የማደርገው በተገላቢጦሽ ማለት ነው።

ሁሉም ግን ሰዓት ይጠይቃል። ያን ቀን ማንኪያው ከእጅህ ሲወድቅ «ትንሽ ልተኛ፣ ይለቀኛል» አልክ። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው «ስንት ሰዓት ላይ ጀመረው?» ብሎ ነበር አሉ። እማዬ ከቁርስ በኋላ ነው ስትል ወንድሜ የለም በፊት ነው ሲል ተከራከሩ። አንተ ደግሞ አፍህ ተሳስሮ ነበር። ማንንም መውቀሴ አይደለም፤ እኔም እዚያ ብሆን ሰዓቱን አላይም ነበር።

የግፊቱን ኪኒን «ዛሬ ደህና ነኝ» ብለህ ትዘለዋለህ አሉ። እባክህ አትዝለል። አፍህ ጠመም፣ እጅህ ዛል ካለ መተኛት የለም፤ እማዬ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ትጻፍ፣ ወዲያው መኪና ይጠራ። ደግሞ የሳሎኑ ግድግዳ ሰዓት ከፋሲካ ጀምሮ ቆሟል አለችኝ። ባትሪ ግዙለት እንጂ።

ልጅህ