ባለ ሦስት አውታሩ ኢኮ ቅንጦት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በተለምዶ «ኢኮ» በምንለው የልብ አልትራሳውንድ ምርመራ ላይ ረጅም ዓመታት የሠራሁ ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ፣ ርዝመትን፣ ስፋትንና ጥልቀትን አንድ ላይ የሚያሳየው ባለ ሦስት አውታር ኢኮ ምስል ከማሳመር ያለፈ ጥቅም እንደሌለው ተደርጎ ሲነገር ደጋግሜ መስማቴ ነው።

የተለመደው ኢኮ ልብን የሚያሳየው በስስ ቁራጭ ስለሆነ፣ ሙሉውን ልብ አገጣጥሞ የሚሠራው መርማሪው በአእምሮው ነው። አፈጣጠሩ የተለመደ ልብ በየዕለቱ ስለምናየው አያስቸግረንም፤ ቫልቩ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርገው በር) ወይም የክፍሎቹ አቀማመጥ ያልተለመደ ልብ ሲገጥመን ግን የምናገጣጥምበት ንድፍ አስቀድሞ በአእምሯችን የለም።

ለምሳሌ በግራው የላይኛና የታችኛ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ሚትራል ቫልቭ አልፎ አልፎ በአንድ ቀዳዳ ፈንታ ሁለት ይዞ ይፈጠራል። ቁራጩ በአንዱ ላይ ብቻ ካለፈ ሌላው ያመልጣል። በባለ ሦስት አውታሩ ምስሉን አዙሬ ከግራው የላይኛ የልብ ክፍል ቁልቁል ስመለከት ግን ሁለቱ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ሲከፈቱና ሲዘጉ አይቻለሁ፤ ቀዶ ሐኪሙም ልቡን ሲከፍት ቫልቩን የሚያየው በዚሁ አቅጣጫ ነው። በሁለቱ የላይኛ ክፍሎች መካከል ያለ ቀዳዳም ብዙ ጊዜ ሞላላ ስለሆነ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተለካ ስፋት በካቴተር፣ ማለትም በደም ሥር በሚያልፍ ቀጭን ቱቦ፣ የሚገባውን መዝጊያ መጠን ለመምረጥ አያስተማምንም።

መሣሪያው እንደሚያሳስትም መሸሸግ አልፈልግም። ስስ ግድግዳ የድምፅ ሞገዱን በደንብ ካልመለሰ ቀዳዳ ያለበት መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ ደም በዚያ ማለፉ የደምን ፍሰት በቀለም በሚያሳየው የአልትራሳውንድ ዘዴ (በቀለም ዶፕለር) ሳይረጋገጥ «ቀዳዳ አለ» ብሎ መጻፍ አይገባም። ከተከታታይ የልብ ምቶች የተገጣጠመ ምስል ደግሞ ታካሚው ሲተነፍስ ወይም ምቱ ሲዛባ መጋጠሚያው ላይ ይዛነፋል። ሕፃንን ትንፋሽህን ያዝ ማለት አይቻልምና፣ ጥራቱ ቢቀንስም እንኳ በአንድ ምት የተነሳውን ምስል ማመን እመርጣለሁ።

የሚያሳዝነኝ፣ ምስሉን ቆርጦና አዙሮ የሚያነብ ሰው ባለመሠልጠኑ ብቻ ውድ መሣሪያ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ማየቴ ነው። የሕክምና ተቋማት መሣሪያውን ሲገዙ ለሥልጠናው አብረው በጀት እንዲይዙ፣ ለቀዶ ሐኪሙም የጽሑፍ ውጤት ብቻ ሳይሆን ተንቀሳቃሽ ምስሉ ራሱ እንዲደርሰው እጠይቃለሁ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከመርማሪው ጎን ተቀምጦ ምስሉን አብሮ ቢያዞር፣ ቀዳዳው ከቫልቩ ምን ያህል እንደሚርቅ እዚያው ስክሪኑ ላይ ለክቶ ሊነሳ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የልብ አልትራሳውንድ ባለሙያ