ውርጭ የሚያጣፍጠው ሥር ለመንዝ ጓሮ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሰሞን ስለ ጓሮ አትክልት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ነው ያነበብኩት። አንድ ነገር ላይ ግን አልተስማማሁም። ውርጭ በሚበዛበት ደጋ ከጎመን በቀር ጥቅምትን የሚሻገር የጓሮ አትክልት የለም የሚለው ላይ።

የተወለድኩት መንዝ ውስጥ፣ መሀል ሜዳ ከተማ ነው፤ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። ባቄላው በአበባው ውርጭ ሲመታው እናቴ በማለዳ ወጥታ የጠቆረውን ቅጠል በጣቶቿ ስታሻሽ አይቻለሁ። ለኛ ውርጭ ማለት ኪሳራ ነው። አሁን የምኖረው ሼፊልድ፣ ሰሜን እንግሊዝ ነው። ከማዘጋጃ ቤት በተከራየኋት ቁራሽ መሬት ላይ አትክልት አለማለሁ። እዚህ ደግሞ ሰዎች ውርጭ እስኪመጣ የሚጠብቁለት አትክልት አለ። ፓርስኒፕ ይባላል።

ካሮት የሚያውቅ ሰው ፓርስኒፕ አይከብደውም። ከካሮት፣ ከድንብላልና ከእንስላል ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ሥሩ ነጣ ያለ ነው፤ ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች ይሾላል። አፈሩ ሲቀዘቅዝ በሥሩ ውስጥ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል። ከውርጭ በፊት የተነቀለውንና ከውርጭ በኋላ የተነቀለውን ጎን ለጎን የቀመሰ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል። ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ሥሩ ግን ብርዱን ሁሉ መሬት ውስጥ ይከርማል። ጎተራ አይፈልግም። ባሰኛችሁ ቀን ቆፍሮ ማውጣት ነው።

ችግሩ ዘሩ ነው። የፓርስኒፕ ዘር ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ወረቀት ይቀላል። እፍ ቢሉት ይበራል፤ ንፋስ ባለበት ቀን አይዘራም። ደግሞ ቶሎ ይሞታል። የካሮት ዘር ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል፤ ይሄኛው ግን ዓመት ካለፈው አብዛኛው አይበቅልም። መደርደሪያ ላይ የከረመ ዘር ዘርቶ «እኛ አገር አይሆንም» ማለት ልክ አይደለም። ትኩሱም ቢሆን ብቅ ለማለት 3 ወይም 4 ሳምንት ይወስድበታል። ሰው ተስፋ ቆርጦ መደቡን የሚገለብጠው በዚህ መሀል ነው። የዚህ አገር ሰዎች መስመሩ ላይ ራዲሽ የሚባል፣ ሥሩ የሚበላ ትንሽ አትክልት ዘር ጥቂት ጣል ያደርጋሉ። ራዲሹ በቀናት ውስጥ በቅሎ መስመሩን ስለሚያሳይ ለአረም ይመቻል፤ ፓርስኒፑ ሳይደርስም ተነቅሎ ይበላል።

የመንዝ ጓሮ ድንጋያማ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሥሩ ድንጋይ ካገኘ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ትኩስ ፍግም ያንኑ ያደርጋል። ለዚህ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ያሳዩኝን ዘዴ ልንገራችሁ። የኛን ድጅኖ የሚመስል ብረት አላቸው። መሬቱ ላይ ይተክሉትና ዙሪያውን እየገፉ ያሽከረክሩታል። ሲነቅሉት ከላይ ሰፊ፣ ከታች ሹል የሆነ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ይተዋል። ያንን በወንፊት በተነፋ አፈርና በደንብ በተብላላ ብስባሽ ይሞሉታል። አናቱ ላይ 3 ዘር፣ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። ሲበቅል ጠንካራዋን ትቶ ሌላውን መንቀል ነው። በጉድጓዶቹ መካከል አንድ ስንዝር ይበቃል። ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ላይ ግን መደቡ ከፍ ይበል፤ አለዚያ የሥሩ አናት ይበሰብሳል።

እንደኔ ግምት ሰኔ መግቢያ ላይ ዝናቡን ተከትሎ ቢዘራ ህዳር ላይ 5 ወር ይሞላዋል። በጥቅምት አንድ አጥንት የምንልበትን ብርድ ጠጥቶ ለገና ጾም ይደርሳል ማለት ነው። እኔ ከጥቅል ጎመን፣ ከካሮትና ከድንች ጋር አልጫ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ቶሎ ስለሚበስል ከካሮቱ ኋላ ነው የሚገባው። አልጫውን ጣፈጥ ያደርገዋል፤ ቃሪያ ካልተቆጠቡበት ደግሞ በጣም ይስማማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የቅጠሉና የግንዱ ፈሳሽ ቆዳ ላይ ካረፈና ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፤ ውሃ ያስቋጥራል። አራሚው እጀ ረዥም ልብስና ጓንት ይልበስ። ልጆች አይላኩበት። ቅጠሉን ለበግ መስጠትም አልመክርም።

እንግዳ ሰብል ነው ተብሎ እንዳይናቅ። ድንችም እንግዳ ነበር፤ በ1858 እ.ኤ.አ. ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ እንዳስገባው ነው የሚነገረው። ዛሬ ያለ ድንች የደጋ ቤት አለ? አውሮፓም ውስጥ ድንች ከመምጣቱ በፊት ብዙ ሰው ብርዱን ያሳለፈው ፓርስኒፕን በመሰሉ ሥራሥሮች ነው።

ዘሩን እኔ በሻንጣ ይዤ ልምጣ አልልም። የዕፅዋት ኳራንቲን ሕግ አለ፤ ለምክንያት ነው የወጣው። ደግሞም በየዓመቱ ትኩስ ዘር ከውጭ እየተገዛ የትም አይደረስም። ፓርስኒፕ የሚያብበውና የሚያፈራው በሁለተኛ ዓመቱ፣ ብርድ ካገኘው በኋላ ነው። ስለዚህ ዘሩን እዚያው ደጋ ላይ ማባዛት ይቻል እንደሆነ መሞከር ያለበት ባለሙያ ነው። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ ቅርብ ነው። ዘጋቢያችሁ አንድ ቀን ጎራ ብሎ ሞክራችሁታል ወይ፣ ካልሞከራችሁስ ምን ያስፈልጋችኋል ብሎ ቢጠይቅልኝ። መልሱን በጋዜጣው ላይ አውጡት። እዚህ ስላሉት የዘር ዓይነቶችና ስለ አዘራሩ የማውቀውን ለማካፈል እኔ ዝግጁ ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
የመሀል ሜዳው ልጅ
ከሼፊልድ፣ እንግሊዝ