ስለ ሙያ ማኅበር ለነርሷ ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ሰሞኑን በስልክ ስንነጋገር የነርሶች ማኅበር የአባልነት ቅጽ እንደ ደረሰሽና፣ ገና ጀማሪ ደመወዝተኛ ሆነሽ መዋጮ መክፈሉ የሚጠቅም መሆን አለመሆኑን ጠይቀሽኝ ነበር። «ተመዝገቢ» አልኩሽ እንጂ ምክንያቱን ዘርዝሬ አልነገርኩሽም፤ ጉዳዩ በሁለት ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ ላስረዳሽ ወደድሁ። እኔ ጡረታ እስክወጣ በሠራሁባቸው ዓመታት የተረዳሁት ነገር ቢኖር የነርስን ሥራ የሚመለከቱ ትልልቅ ውሳኔዎች በአብዛኛው ከታካሚው አልጋ ርቀው የሚወሰኑ መሆናቸውን ነው። የትምህርቱ ይዘት፣ የሥራ ወሰኑ፣ የደረጃ እድገቱ፣ በአንድ ተራ ስንት ነርስ እንደሚመደብ የሚወሰነው በስብሰባ ነው፤ እዚያ ስብሰባ ላይ አንዲት ነርስ በግሏ ተጠርታ አታውቅም፣ ማኅበር ግን ይጠራል፣ ካልተጠራም በር የማንኳኳት አቅም አለው።

በስምሽ ከተሰጠሽ የሙያ ፈቃድ ልጀምር። ይህ ወረቀት ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል። በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን የሠለጠነችውን ነርስ ካልሠለጠነችው የሚለይ የመንግሥት መዝገብ አልነበረም፤ ነርስ ነኝ ያለ ሁሉ ታካሚ ተረክቦ ሊያስታምም ይችል ነበር። ኤቴል ቤድፎርድ ፌንዊክ የተባሉ ነርስ እ.ኤ.አ. በ1887 ማኅበር አቋቁመው ነርሶች በሕግ እንዲመዘገቡ ጥያቄ ሲያነሡ፣ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሳይቀሩ ሐሳቡን ተቃውመውት ነበር። ሕጉ የጸደቀው በ1919 ነው፤ ከ30 ዓመት በላይ የፈጀ ክርክር ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢሆን ይህን ያህል ዘመን ጥያቄውን በሕይወት ማቆየት አይችልም ነበር፤ አንዱ ሲደክም ሌላው የሚቀጥልበት ድርጅት ስለነበረ ግን ዳር ደረሰ። እኚሁ ሴት በ1899 የዓለም አቀፉን የነርሶች ምክር ቤት ከመሠረቱት መካከል ናቸው። በትምህርት ቤት ያጠናሽው የነርሶች የሥነ ምግባር ደንብም በ1953 የወጣው ከዚሁ ምክር ቤት ነው። የእኛው የኢትዮጵያ ነርሶች ማኅበርም በእኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ የተቋቋመና የምክር ቤቱ አባል የሆነ አንጋፋ ማኅበር ነው። ስለዚህ ቅጹን ስትሞዪ አዲስ ነገር ውስጥ የምትገቢ አይምሰልሽ፤ ፈቃድሽን ላስገኘልሽ ሥራ ተተኪ መሆንሽ ነው።

በስልኩ ላይ የሌሊት ተረኛ በሆንሽ ጊዜ የታካሚው ብዛት ከአቅምሽ በላይ እንደሚሆን፣ ለመድኃኒት ሰዓት ስትሮጪ የሌላው ታካሚ የደም ግፊት ሳይለካ እንደሚያድር በምሬት ነግረሽኝ ነበር። ልጄ፣ ይህ የአንቺ ስንፍና አይደለም፣ እንደዚያ አድርገሽም አትቁጠሪው። በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት በ168 ሆስፒታሎች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሞ ነበር፤ አንዲት ነርስ በምትይዘው ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በካሊፎርኒያ ግዛት የሚገኙ ነርሶች ግን ይህ ጥናት እስኪታተም አልጠበቁም። በየክፍላቸው የሚያዩትን በማኅበራቸው በኩል አሰባስበው ለሕግ አውጪዎቹ ደጋግመው በማቅረባቸው በ1999 ሕግ ወጣ፣ ሕጉም ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሎ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንዲት ነርስ ከሁለት ታካሚ በላይ እንዳትይዝ ተደነገገ። የእኛ አገር የባለሙያ ቁጥርና በጀት ከዚያ ጋር እንደማይወዳደር አውቃለሁ፤ ነገ ተመሳሳይ ሕግ ይወጣል ብዬም ተስፋ አልሰጥሽም። ነገር ግን በርክክብ ጊዜ ለጓደኛሽ የምትነግሪው ምሬት እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል፤ ከብዙ ሆስፒታል ተሰብስቦ፣ በቁጥር ተደግፎ በማኅበር ስም ሲቀርብ ግን መልስ የሚጠይቅ ሰነድ ይሆናል።

በኮሮና ዘመን የሆነውን ሳስብ ደግሞ አሁንም ልቤ ይነካል። ስንት ነርስ በሥራ ላይ እያለ ተይዞ እንደሞተ ብዙ አገሮች ለይተው አይመዘግቡም ነበር። ሟቾቹን መቁጠር የጀመረው ያ ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት ነው፤ በየአገሩ ያሉ አባል ማኅበራት መረጃ እየላኩለት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 በ44 አገሮች ብቻ 1,500 ነርሶች መሞታቸውን አስታወቀ፤ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ እንደሚበልጥም አብሮ ተናገረ። መከላከያ ጓንትና ጭንብል ይሟላልን የሚለው ጥያቄ ክብደት ያገኘው እንዲህ ባለው ቆጠራ ነው። ታዲያ ማኅበር በሌለበት ነርሶችን ማን ሊቆጥር ነበር?

ይህ ነገር ለዕለት ሥራሽም ይሠራል። በታካሚ ላይ ያገለገለ መርፌ ቢወጋሽ ወዲያው ሪፖርት አድርጊ፤ የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት ታውቂያለሽ፣ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ የተሻለ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትሽንም ሦስቱንም ዙር ጨርሺ፤ ይህን እንደ እናት አዝሻለሁ። ይሁንና ብዙ ነርሶች ጣታቸውን ታጥበው ዝም ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ያልተመዘገበ አደጋ ደግሞ እንዳልደረሰ ይቆጠራል። ማኅበሩ አባላቱን አስተባብሮ እንዲህ ያለውን መረጃ ሲያሰባስብ በየክፍሉ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ይሟላ፣ ክትባቱ ለሁሉም ይዳረስ ብሎ ለመሟገት ማስረጃ ይኖረዋል።

ስለ ሥልጠናው ብዙ አልልም፤ አንቺ ከእኔ በተሻለ ታውቂዋለሽ። የፈቃድ እድሳት አሁን ከተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ የሙያ ማኅበራት የሚያዘጋጁት ሥልጠናና ዓመታዊ ጉባኤ ለዚህም ይጠቅምሻል። እኔ ከጉባኤው የበለጠ የማከብረው ግን በዚያ የሚገኘውን ትውውቅ ነው። በአንድ ሆስፒታል ለዓመታት የሠራ ሰው የዚያን ቤት ልማድ የሙያው ሕግ አድርጎ መቁጠር ይጀምራል። ከሌላ ከተማ የመጣች ነርስ የአልጋ ቁስልን እንዴት እንደምትከላከል ወይም የሕፃናትን የመድኃኒት መጠን ከማን ጋር እንደምታመሳክር ስትነግርሽ የራስሽን ክፍል በሌላ ዓይን ታያለሽ። የሥነ ምግባር ጥያቄም ሲገጥምሽ፣ ለምሳሌ ከሥራ ወሰንሽ ውጭ የሆነ ነገር እንድትሠሪ ብትታዘዢ፣ ከአለቃሽ ሌላ የምታማክሪው የሙያሽ ታላቅ ይኖርሻል።

ማኅበሩ የማይችለውንም ልንገርሽ፣ ኋላ እንዳታዝኚ። የሙያ ማኅበር የሠራተኛ ማኅበር አይደለም። በግል ሆስፒታል ተቀጥረሽ ቢሆን ኖሮ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ሠራተኞች ተደራጅተው ከአሠሪው ጋር የኅብረት ስምምነት መደራደር ይችላሉ፤ አንቺ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንሽ አዋጁ አይመለከትሽም። ስለ ደመወዝ ማኅበሩ ሐሳብ ያቀርባል፣ ይሟገታል፣ የመወሰን ሥልጣን ግን የለውም። «ማኅበሩ ምን ሠራልኝ?» የሚሉ ባልደረቦች እንዳሉሽ ነግረሽኛል፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፣ እኔም መዋጮ የሚከፍል ሰው ሒሳብ እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ። ሆኖም በሰፈራችን እድር ለአንድ ዓመት ለቅሶ ስላልደረሰበት ብሎ ከእድር የሚወጣ ሰው አይተን አናውቅም። ደካማ የሆነ ማኅበር ብዙውን ጊዜ ደካማ የሚሆነው መዋጮ የሚከፍለው ጥቂት፣ ስብሰባ የሚመጣው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ቅጹን ሞልተሽ ከመፈረምሽ በፊት የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ጠይቀሽ አንብቢ፤ የአባል መብትና ግዴታ፣ የአመራር ምርጫ በስንት ጊዜ እንደሚካሄድ፣ ሒሳቡ በማን እንደሚመረመር የሚሉትን አንቀጾች በተለይ ተመልከቺ። ከዚያ በቅርብሽ ወዳለው ቅርንጫፍ ሄደሽ በምን የሥራ ዘርፍ ሰው እንደሚያስፈልጋቸው ጠይቂ። አንቺ ጽሑፍ ላይ ጎበዝ ስለሆንሽ ቃለ ጉባኤ መያዝ ወይም መረጃ ማሰባሰብ ቢሰጡሽ ደስ ይለኛል፤ ጀማሪ ነኝ ብለሽ ወደ ኋላ አትበይ። የሌሊት ተረኛ የሚሆኑ ነርሶች ስንት ታካሚ እንደሚይዙ በየክፍሉ ለመመዝገብ የታሰበ ነገር ካለ ከዚያ ጀምሪ፤ ከሌለም በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሐሳቡን አቅርቢና ምን እንደመለሱልሽ ጻፊልኝ።

አባትሽ ሰላም ይልሻል፤ ወንድምሽም ለፋሲካ እረፍት ታገኚ እንደሆነ እየጠየቀ ነው። ከሌሊት ተራ ስትወጪ ምግብ ሳትበዪ አትተኚ።

እናትሽ