አማቴ የፈረሙት ዋስትና

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እኔና ባለቤቴ እስራኤል፣ ነታንያ ከተማ ውስጥ ቤት የተከራየነው በነሐሴ ነው። ጊዜውን ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል። በነሐሴ ከተማው በፈረንሳይ እንግዶች ይሞላል፤ ባሕሩ ዳር ያለው ቤት በቀንና በሳምንት ሒሳብ ይከራያል። ለዓመት የሚፈልግ ሰው የሚደርሰው የተረፈው ነው። እኛ ያገኘነው ቤት ከሳሎኑ ባሕር አይታይም። በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት አንገት ቢያሰግጉ ግን ጣት የምታህል ሰማያዊ ትታያለች። ደላላው «ባሕር የሚያይ» ያለን እሷን ነው።

የምጽፈው ግን ስለ ባሕሩ ሳይሆን ስለ ዋስ ነው።

አከራዩ 12 ቼክ፣ የማስያዣ ገንዘብና ሁለት ዋስ ጠየቀን። አንዱ ዋስ አማቴ ሆኑ። አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ ፈረሙ። ዕብራይስጥ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። በኋላ ስንሰማ ከእኛ በፊት ለሁለት የዘመድ ልጆችም ፈርመው ኖሯል። ጎንደር፣ እሳቸው ባደጉበት ቀዬ፣ ዋስ ሁነኝ የተባለ ሰው እምቢ አይልም፤ ነውር ነው። ዋስ መሆን «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» ማለት ነበር። እዚህ የፈረሙት ወረቀት ግን ተከራዩ ያልከፈለውን ሁሉ እከፍላለሁ ይላል። እስከ ስንት ብር፣ እስከ መቼ፣ አይልም።

ዝናቡ ሲጀምር የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ሻገተ። አከራዩን ብንጠራው «ልብስ ቤት ውስጥ ስለምታሰጡ ነው» አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የእስራኤል የኪራይ ሕግ እኮ ተከራዩ ራሱ ያላመጣውን ብልሽት አከራዩ በ30 ቀን፣ አስቸኳይ ከሆነ በ3 ቀን ውስጥ እንዲጠግን ያዛል። ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ብናውቅም አፋችንን የምንከፍት አይመስለኝም። ጠብ ቢመጣ የሚጠሩት አማቴ ናቸዋ! ቀለም ቀቢውን ከኪሳችን ከፈልን።

ያው ሕግ ለጥሬ ገንዘብ ማስያዣና ለባንክ ዋስትና ገደብ አበጅቷል፤ ከሦስት ወር ኪራይ ወይም ከውሉ ዘመን ጠቅላላ ኪራይ ሲሶ፣ ከሁለቱ ካነሰው አይበልጥም። ቤቱን ካስረከቡ በኋላም ቢበዛ በ60 ቀን መመለስ አለበት። የሰው ዋስ ግን እዚህ ገደብ ውስጥ አይገባም። ለዚህ ነው የሽማግሌ ፊርማ የሚወደደው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ይህን ሕግ ሽማግሌዎቻችን በሚረዱት አማርኛ በአንድ ገጽ አውጡልን። ፊደሉም ጎላ ይበል። ዋስ የሚሆን ሰው ከመፈረሙ በፊት የገንዘቡ ልክና ዋስትናው የሚያበቃበት ቀን ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ መጠየቅ እንደሚችል ይጨመርበት። እኛ ውሉን ስናድስ ጠይቀናል፤ አከራዩ «አስብበታለሁ» ብሏል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌላ የወንድም ልጅ ወረቀት ይዞ አማቴ ቤት መጣ። ብዕሩን ከእጃቸው የወሰድኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከነታንያ