ደብዳቤ ለልጄ፦ «አኒማልስ» ዘጠነኛ?

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ?

የሮክ ባንዶችን አልበሞች በደረጃ አስቀምጠህ የላክልኝን ዝርዝር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶ አንስቼ ማረም ጀመርኩ። እናትህ መሆኔን ለጊዜው እርሳውና እንደ አንድ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድ ሱሰኛ ቁጠረኝ። እዚህ ጉዳይ ላይ መከባበር ብሎ ነገር የለም።

«ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» አንደኛ። ይሁን። «ዘ ዎል» ሁለተኛ። እሱም ይሁን፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል። «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» አራተኛ ስትል ጥርሴን ነክሼ አለፍኩት። «አኒማልስ» ግን ዘጠነኛ? ከ«ዘ ዲቪዥን ቤል» በታች? ምን በድሎህ ነው?

እንዴት እንዳወጣኸው ገብቶኛል። ከእያንዳንዱ አልበም ስር የምትወዳቸውን ዘፈኖች ጽፈህ ቆጥረሃል። ብዙ ዘፈን ያስወደደህ ከላይ፣ ጥቂት ያስወደደህ ከታች። «ዘ ዎል» ላይ ሃያ ስድስት ዘፈን አለ። «አኒማልስ» ላይ አምስት ብቻ፣ ከአምስቱም ሁለቱ እያንዳንዳቸው ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞሉም። ሃያ ስድስት ልጅ ያለው ቤት አምስት ልጅ ካለው ቤት ጋር ገመድ ቢጓተት ማን እንደሚያሸንፍ መች ይጠፋኛል? ግን ውድድሩ እሱ አይደለም።

የኔ መለኪያ ሌላ ነው። አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በተቀመጠለት ቅደም ተከተል፣ ምንም ሳልነካ እሰማለሁ። ስንት ጊዜ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደ? ስንት ጊዜ ሰዓት አየሁ? በቃ። አንድ ጊዜም ካልሄደ ከላይ ይቀመጣል።

«አንቺ እኮ መዝለያ ቁልፍ ስላልነበረሽ ነው» እንደምትል አውቃለሁ። እውነትህን ነው። እኔ ያደግኩት በካሴት ነው። ዘጠና ደቂቃ የሚይዘው ካሴት በአንድ ፊቱ አርባ አምስት ደቂቃ ይይዛል። «ዳርክ ሳይድ» ወደ አርባ ሦስት ደቂቃ ነው፣ «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» ወደ አርባ አራት። አንዱ በአንዱ ፊት፣ ሌላው በሌላው ፊት ልክክ ብለው ይገባሉ። የኔም እንደዚያ ነበር። ዘፈን ለመዝለል ፈልገህ ወደፊት ብታስኬደው የት እንደሚቆም አታውቀውም። ስለዚህ ትሰማለህ። የማትወደውንም ትሰማለህ። ቆይተህ የማትወደው ዘፈን የምትወደው ከመምጣቱ በፊት ያለች መተንፈሻ ሆና ታገኛታለህ።

«አኒማልስ»ን የቀዳልኝ አንድ ጓደኛዬ ነበር። ሁለተኛው ዘፈን «ዶግስ» አስራ ሰባት ደቂቃ ነው። መሃሉ ላይ የአንድ ስንኝ የመጨረሻ ቃል እየተደጋገመ፣ እየራቀ፣ ቀስ በቀስ ቃልነቱን ትቶ የኪቦርድ ድምፅ ውስጥ ይሰምጣል። ከሩቅ ውሾች ይጮሃሉ። ቴፑ ካሴቱን የበላው ልክ እዚያ ላይ ነው። ክሩን ቀስ ብዬ ከውስጥ ስቤ አወጣሁት። ተጨማዶ እንደ አኮርዲዮን ሆኗል። የተበላሸውን አንድ ስንዝር የሚያህል ቆርጬ ጣልኩ፣ ሁለቱን ጫፎች በግልጽ ፕላስተር አጣበቅኩ፣ በእስክሪብቶ አጠንጥኜ መለስኩት። በካሴት ፍጥነት አንድ ስንዝር አራት ሰከንድ ገደማ ነው። ለዓመታት ያንን ዘፈን አራት ሰከንድ ጎድሎ ሰማሁት። በኋላ በሲዲ ስሰማው እነዚያ አራት ሰከንዶች መጡ። ደነገጥኩ። የኔን ዘፈን ሰው የነካካብኝ መሰለኝ።

እና አዎ፣ አድልዎ አለብኝ። ግን አድልዎዬን ትተህ ነገሩን ተመልከት። አልበሙ የወጣው በ1977 መጀመሪያ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልህ)። ፐንክ የሚሉት ዓመፀኛ ሮክ የፈነዳበት ጊዜ ነበር። የፐንኩ ዘፋኝ ጆኒ ሮተን «ፒንክ ፍሎይድን እጠላለሁ» የሚል ካናቴራ ለብሶ ይዞራል። ወጣቱ እነዚህን ሰዎች ጠግበው የተኙ ሀብታሞች አድርጎ ነበር የሚያያቸው። እነሱ ደግሞ በዚያው ሰሞን ይዘው የመጡት ከሥራዎቻቸው ሁሉ ንዴት ያለበትን ነው። የሰውን ልጅ ውሻ፣ አሳማና በግ ብለው ከፋፈሉት። የባንዱ ጊታሪስት ጊልሞር «ዶግስ» ላይ ጊታሩን ሲጫወት ልስላሴ የሚባል ነገር የለም። አንተ «ሙዱ ይከብዳል» ብለህ ጽፈሃል። እንዲከብድ ነው የተሠራው! ደግሞ «ዶግስ» እና «ሺፕ» ድንገት የተወለዱ አይደሉም። በ1974 ሌላ ስምና ሌላ መልክ ይዘው በየመድረኩ ይጫወቷቸው ነበር። ሁለቱም ተራቸውን ጠብቀው የመጡ ናቸው።

ሽፋኑንም አትርሳ። ለንደን ውስጥ ባተርሲ የሚባለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ላይ በጋዝ የተነፋ ትልቅ አሳማ አሰሩ። ታህሳስ 1976 ነው። ገመዱ ተበጠሰና አሳማው ሄደ። አውሮፕላኖች የሚበሩበት ሰማይ ላይ ሲንሳፈፍ ቆይቶ ኬንት ውስጥ አንድ እርሻ ላይ አረፈ። ዛሬ ቢሆን በኮምፒውተር ሠርተው ይገላገሉ ነበር።

አሁን ወደ አንደኛው ልምጣ። የኔ አንደኛ «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» ነው፣ 1975። ሲድ ባሬትን ታውቀዋለህ። የ1967ቱን የመጀመሪያ አልበማቸውን አብዛኛውን ዘፈን የጻፈው እሱ ነው። በ1968 ጤናው ታውኮ ከባንዱ ወጣ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 5 ቀን 1975፣ ጓደኞቹ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ቁጭ ብለው ስለ እሱ በጻፉት ዘፈን ላይ ሲሠሩ አንድ ወፍራም ሰው ገባ። ፀጉሩንም ቅንድቡንም ተላጭቷል። ማን እንደሆነ አላወቁትም። እሱ ራሱ ሲድ ነበር። ይህን ካወቅኩ በኋላ የዘፈኑን መግቢያ እንደ ድሮው መስማት አልቻልኩም። አራት የጊታር ኖታ ናት። ትመጣለች፣ ዝም ትላለች፣ እንደገና ትመጣለች። ዘፈኑ ዘጠኝ ክፍል አለው፣ በድምሩ ሃያ ስድስት ደቂቃ። ለሁለት ከፍለው ግማሹን አልበሙ መጀመሪያ፣ ግማሹን መጨረሻ ላይ አስቀመጡት። አንተ በስልክህ ዘፈኖቹን በዘፈቀደ ስታጫውት መጨረሻው መጀመሪያ ይመጣልሃል። እሱን ሰምተህ ነው አራተኛ ያልከው።

አልበሙ ስሙን የወሰደበትን ዘፈን ደግሞ ዛሬ ማታ በጆሮ ማዳመጫ ስማልኝ። አንድ ሰው ሬዲዮ ይነካካል፣ ጣቢያ ይቀያይራል። ከዚያ ጊታር ይመጣል፣ ግን ቀጭን ነው፣ ከትንሽ ሬዲዮ እንደሚወጣ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጊታር ይጨመራል። እሱ ወፍራም ነው፣ ቅርብ ነው፣ አጠገብህ እንደተቀመጠ። ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ያለ ሰው ከሬዲዮው ጋር አብሮ እየተጫወተ ነው ማለት ነው። ሲያስል ሁሉ ትሰማዋለህ። ሳሉን አልቆረጡትም! ይመቻቸው።

ሁለተኛ «አኒማልስ»። ነገርኩህ።

ሦስተኛ «ዳርክ ሳይድ»። ከ1973 እስከ 1988 ባለው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ቢልቦርድ 200 የሚባለው የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ 741 ሳምንት ተቀመጠ። በዚህ አልከራከርም። ክሌር ቶሪ ያለ አንድ ቃል የምትጮህበትን ዘፈን ከሰማሁ በኋላ ሌላ ድምፃዊት ለመስማት ትንሽ ጊዜ ያስፈልገኛል። ለዚያ ሥራ ያኔ የተከፈላት 30 ፓውንድ ነበር። የዘፈኑ ደራሲነት ድርሻዋ የታወቀላት ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ፍርድ ቤት ሄዳ ነው። ታዲያ ለምን ሦስተኛ? ሁለተኛው ፊት ላይ «ኤኒ ከለር ዩ ላይክ» ሲደርስ ሐሳቤ ይሄዳል። ሁልጊዜ እዚያው። ምንም ላደርግለት አልችልም።

ግን ይህን አልበም በተመለከተ አንድ ነገር ላስታውስህ። ስድስት ዓመትህ ነበር። ተኝተሃል ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። «ታይም» መግቢያ ላይ ያሉት ሰዓቶች በሙሉ በአንዴ ሲደውሉ ትራስህን ይዘህ እያለቀስክ መጣህ። «ትምህርት ቤት ረፈደብኝ!» አልክ። ድምፆቹን የስቱዲዮው ድምፅ ቀጂ አለን ፓርሰንስ አሮጌ ሰዓት የሚሸጥበት ቤት ሄዶ አንድ በአንድ ቀድቶ እንዳመጣቸው ያኔ ላስረዳህ ሞክሬ ነበር። አባትህ «ልጁን አስተኚው፣ ትምህርቱ ነገ ይደርሳል» አለኝ። አባትህ እስከ ዛሬ ድረስ ፒንክ ፍሎይድ ሲከፈት በሩን ዘግቶ ይወጣል።

አራተኛ «ሜድል»፣ 1971። አንተ ጭራሽ አላስገባኸውም፣ ስለዚህ አልሰማኸውም ማለት ነው። የሸክላው ሁለተኛ ፊት ሙሉውን አንድ ዘፈን ነው። «ኤኮስ»፣ ሃያ ሦስት ደቂቃ ከምናምን። የሚጀምረው በአንዲት የፒያኖ ኖታ ነው፣ ጠብ እንደምትል የውሃ ጠብታ። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ሪቻርድ ራይት ነው የሚጫወታት።

አምስተኛ «ዘ ዎል»። አውቃለሁ፣ አሁን ተነስተህ ቆመሃል። «ከምፈርተብሊ ነም» ላይ ያለውን ሁለተኛ የጊታር ሶሎ እኔም እወደዋለሁ፣ ማንም ይወደዋል። አልበሙ መጨረሻ ላይ ተቆርጣ የምትቀረው ዓረፍተ ነገር መጀመሪያው ላይ ካለችው ጋር ስትገጥም ደስ ይለኛል። ግን ሦስተኛውን ፊት ሳትነካ ጨርሰህ ታውቃለህ? እውነቱን ንገረኝ። ደግሞ ራይት በዚያ አልበም ሥራ መሃል ከባንዱ መባረሩ ይሰማኛል። ኪቦርዱ ሲሳሳ ይታወቃል። የሚያስቀው፣ በኮንሰርቱ ጉዞ ላይ ደሞዝተኛ ሆኖ አብሯቸው ዞረ። ጉዞው ከሰረ፣ ኪሳራውን ሌሎቹ ተሸከሙ፣ እሱ ደሞዙን ይዞ ሄደ።

ስለቀሩት ባንዶች አጠር ላድርግልህ። ሌድ ዘፐሊን ላይ አራተኛውን አልበም አንደኛ አድርገሃል። እስማማለሁ። «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» ላይ ያለውን የቦናም ድራም ሰምቶ የማይስማማ ካለ አላውቀውም። ድራሙን ደረጃ ያለበት አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠው ማይክራፎኖቹን ከላይ፣ ከደረጃው ላይ አንጠለጠሉ። ያ ግዙፍ ድምፅ የቤቱ ድምፅ ነው።

ብላክ ሳባዝ ላይ አንተ «ፓራኖይድ»፣ እኔ «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ»። ጊታሪስታቸው ቶኒ አዮሚ በአስራ ሰባት ዓመቱ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ። በ1971ቱ አልበም ላይ ክሮቹን አላልቶ ቃኛቸው፣ ድምፁም ወረደ፣ ከበደ። ከዚያ ወዲህ ከባድ ሙዚቃ የሚጫወት ሁሉ የዚያ ልጅ ባለ ዕዳ ነው።

ሜታሊካ ላይ የ1988ቱን አንደኛ ብለሃል። አቦ ልጄ፣ ቤዝ ጊታሩ የት አለ? አዲሱ ቤዝ ተጫዋች የመጀመሪያ ሙሉ አልበሙን ሠራ፣ ድምፁን ግን ቀነሱት፣ እኛም ሳንሰማው ቀረን። ወደ 1986ቱ ተመለስ።

ሬዲዮሄድ ግን አሸንፈኸኛል መሰለኝ። «ኪድ ኤ»ን አንደኛ አድርገህ ከስሩ የጻፍከው አንድ መስመር ነው፦ «እማ፣ ይኼን አንድም ዘፈን ሳልዘል ነው የሰማሁት።» ይቺን ከየት አመጣሃት? ከ«ኦኬ ኮምፒውተር» በኋላ በ2000 ሲወጣ ገዛሁት። ጊታሮቹን ፈለግኳቸው። በሦስተኛው ዘፈን ያ ሁሉ ጥሩምባ አንድ ላይ ሲንጫጫ ዘጋሁት፣ ከዚያ በኋላ አልከፈትኩትም። በራሴ መለኪያ ከሄድን እኔ ያንን አልበም ደረጃ ልሰጠው ቀርቶ አልሰማሁትም።

ካሴቱን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ማጫወቻ እንደሌለህ አውቃለሁ፣ ከሰው ተዋስ። ፕላስተሩ ያለበት ቦታ ሲደርስ ጠብቀው፣ ሊበጠስ ይችላል። እኔ ዛሬ ማታ አባትህ ሲወጣ «ኪድ ኤ»ን እከፍታለሁ። ከጥሩምባዎቹ ማለፌን ነገ እደውልና እነግርሃለሁ።

እናትህ