የምህንድስና ክበብ፦ ሲሳብም ሲጠመዘዝም

ክበባችን ዘንድሮ የመረጠው ርዕስ የአውሮፕላን ሞተር ቁሳቁሶች ጥንካሬ እንዴት እንደሚፈተሽ ነበር። ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ሞተር የምንፈታ መስሏቸው ነበር፤ ጠመኔ ስንሰብር ሲያዩን ጥቂቶቹ ሹልክ ብለው ወጡ። የቆዩት ግን የምር ሠሩ።

ጠመኔ ተሰባሪ ስለሆነ ምንም አይደብቅም። ሲያጎብጡት ስብራቱ ጠፍጣፋ ነው። ሳያጎብጡ ሲጠመዝዙት ግን ስብራቱ 45 ዲግሪ ያህል አጋድሎ ዙሪያውን ይዞራል፤ ጥምዘዛ በሰያፍ አቅጣጫ ስለሚስበው ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቢሆኑስ?» አለች። የሞተር ነገር ይኸው ነው። የተርባይን ምላጭ (በሞተሩ ውስጥ ትኩስ ጋዝ ገፍቶ የሚያሽከረክረው ክንፍ) ሲሽከረከር ወደ ውጭ ይሳባል፣ ጋዙ ያጎብጠዋል፣ ያልተስተካከለው ሙቀትም ከውስጥ ያስጨንቀዋል። ምላጮቹን የተሸከመው ዲስክ ደግሞ ወደ ውጭም በዙሪያውም ይሳባል። በሠንጠረዥ ላይ የምናገኘው የጥንካሬ ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድን ዘንግ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በመጎተት የተገኘ ነው። የሒሳብ ሊቁ ሪቻርድ ፎን ሚዝስ እ.ኤ.አ. በ1913 ያቀረበው ቀመር የየአቅጣጫውን ጫና ከሠንጠረዡ ቁጥር ጋር ወደሚነጻጸር አንድ አቻ ቁጥር ይሰበስባል። ተማሪዎቹ ቀመሩን ወደዱት፤ ሁሉን ነገር የሚፈታ መስሏቸው።

ሁለተኛውን መንፈቅ የፈጀው በሁለት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ለመሳብ የሠራነው የመስቀል ናሙና ነው። ወፍራም ወረቀት በመስቀል ቅርጽ ቆርጠን አራቱን ክንዶች በገመድና በበከራ ከአሸዋ ከረጢቶች ጋር አሰርናቸው። ወረቀቱ ክብደቱ ሳይሞላ ተቀደደ፤ የተቀደደው ግን መሃሉ ሳይሆን ሁለት ክንዶች የሚገናኙበት የውስጥ ማዕዘን ነበር። ሹል ማዕዘን ጫናን ያከማቻል። ማዕዘኖቹን አክብበን ብንቆርጥም ክንዱ ቀድሞ ተበጠሰ። በኋላ ክንዶቹን በድርብ ወረቀት አጠንክረን መሃሉን ነጠላ ስንተወው ስንጥቁ በምንፈልገው ቦታ ወጣ። በትልልቅ ቤተ ሙከራዎችም የመስቀል ናሙና መሃሉ እንዲሳሳ የሚደረገው ለዚሁ ነው። ልጆቹ ይህን ያነበቡት ራሳቸው ከደረሱበት በኋላ መሆኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከማንኛውም ሽልማት በላይ አስደስቶኛል።

ከዚያ ያልጠበቅነው መጣ። በአራቱም በኩል እኩል ብንጭንም ስንጥቁ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይሮጣል። «መሣሪያው ተንጋዷል» የሚል ክስ ተነሣ። ወረቀቱን 90 ዲግሪ አዙረን ስንሰቅለው ስንጥቁም አብሮ ዞረ፤ መሣሪያው ነጻ ወጣ። በፋብሪካ ወረቀት ውስጥ ክሮቹ በብዛት ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚተኙ፣ እነሱን ከመበጠስ በመካከላቸው መሰንጠቅ ይቀላል። ከአንድ ክሪስታል የሚቀረጹ የኒኬል ቅይጥ ምላጮችና በሴራሚክ ክር የተጠናከሩ አዳዲስ የሞተር ክፍሎችም እንዲሁ አቅጣጫ ይለያሉ። የተወደደው ቀመር በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ለሆነ ብረት የተሠራ በመሆኑ ለእነዚህ እንዳለ አያገለግልም። ይህን ለመቀበል ሁለት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ብዙ ተከራክረዋል።

በመጨረሻዎቹ ስብሰባዎች እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ሱ ሲቲ የወደቀውን ዲሲ-10 አውሮፕላን ጉዳይ አነበብን። የጅራት ሞተሩ የታይታኒየም ዲስክ የፈነዳው ሲመረት ከቀረ ጉድለት በተነሣ የድካም ስንጥቅ፣ ማለትም ጫና ሲደጋገም በሚያድግ ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ ያደገው በረራ በተደጋገመ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ነበር። የእኛ መሣሪያ ግን አንዴ ጭኖ ወረቀቱን ይቀዳል እንጂ አይደጋግምም። ስለዚህ ለሚቀጥለው ዓመት የታቀደው ከረጢቶቹን እያነሣ የሚጥል፣ በእጅ የሚዞር ክራንክ ነው፤ ንድፉን የዘጠነኛ ክፍል አባላት ጀምረውታል።