በሎሚ ውኃ ብቻ ክብደት መቀነስ አደጋ አለው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ በሎሚ ውኃ ብቻ «በሳምንት 5 ኪሎ» ስለመቀነስ የወጣው ጽሑፍ መታረም አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሚዛን ላይ የሚጎድለው በአብዛኛው ውኃ ነው፤ በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ስኳር ሲያልቅ አብሮት ይወጣል። ከዚያ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ የሐሞት ጠጠርም ሊፈጠር ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከሞከረውማ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ በቂ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ትርፍ ካሎሪው ያለው ወጡ ውስጥ ባለው ዘይት ላይ ነው፤ በጾም ወቅትም ቢሆን። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ሽንኩርቱን በደረቁ፣ ውኃ ጠብ እያደረጉ ካቁላሉ በኋላ ለአራት ሰው ወጥ 2 ማንኪያ ዘይት ይበቃል።

በሚቀጥለው እትም ይህን አሠራር ከነመጠኑ አውጡልን፤ የስኳር ሕሙማን ሐኪም ሳያማክሩ ምግብ እንዳያቋርጡ የሚያሳስብ ማስጠንቀቂያም ከርዕሱ ሥር ይጻፍ።